በመስተዋት በኩል የተቆጠሩ መጻሕፍት

ልጅ ሆኜ፣ ከዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ፣ የአባቴ ሱቅ ደጃፍ ዝናብ ያስጠለላቸው ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ፊታቸውን አላስታውስም። አንደኛው ጌዴኦ ሳይሆን አይቀርም፣ አማርኛው እንደ ዜማ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የሚያወራው ስለ አንድ ዘመዱ ነው። ሰውዬው ለዓመታት ቆልፎ ያኖረው ነገር ነበረው። የቡና ዘር ይሁን፣ ማር ይሁን፣ ወይ የአባቱ ቡሉኮ፣ እሱ ጠፍቶብኛል። በመጨረሻ ሲከፍተው ግን ምንም አላገኘም።

«ቆይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ ከፍቶ አላየውም?» አለ ሁለተኛው።

«ወዶት ነዋ።»

ከዚያ አንዱ ሳቀ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ሄዱ፤ ነገሩ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ስሜ ባህሩዲን ነው። ዲላ ውስጥ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በር አጠገብ፣ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጪጩ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ከመኝታዬ ራስጌ የነበረው ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ፣ ዛሬም ተዘቅዝቆ የተያዘ ጽሑፍ ከቀናው እኩል አነባለሁ። ደንበኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። ወሬ አላበዛም። የስፌት መኪናዋ ስትጮህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል፣ ከኔ የሚጠበቀው መስማት ብቻ ነው። ሰምቼ ሰምቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ትልቋ ልጄ ሀጅራ አራተኛ ክፍል ነበረች። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ አንዲት የጭቃ ክፍል አለች፣ ላይብረሪ ይሏታል። በውስጧ ባለ መስተዋት ቁም ሳጥን ቆሟል፣ በቁም ሳጥኑ ውስጥ የልጆች መጻሕፍት ተደርድረዋል። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የዚህ አገር ተወላጅ ከብዙ ዓመት በፊት የላካቸው ናቸው። ፈርመው የተረከቧቸው እትዬ ድንቅነሽ ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሴት። ቁም ሳጥኑን ከላይ ዳንቴል አልብሰውታል። ሰኞ ሰኞ መስተዋቱን በጋዜጣ ይወለውላሉ። ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የክፍል መጽሐፋቸውን ማንበብ ይችላሉ፣ የመስተዋቱን ግን አይነኩም። «አምስተኛ ክፍል ስትገቡ» ይባላሉ። አምስተኛ የገቡት ደግሞ ስድስተኛ ይጠብቃሉ።

ሰኔ ሲያልቅ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ይመጣል። መጽሐፍ ማውጣት አቧራ ያስነሳል፣ ቅደም ተከተሉንም ያበላሻል። ስለዚህ ኮሚቴው መስተዋቱ ፊት ቆሞ የመጻሕፍቱን ጀርባ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል፣ ልክ ነው ይላል፣ ፈርሞ ይሄዳል። አንድም ጎድሎ አያውቅም። እትዬ ድንቅነሽ በዚህ የምስክር ወረቀት ተሸልመዋል፤ እሱም በመስተዋት ተደርጎ ከቁም ሳጥኑ በላይ ተሰቅሏል።

ሀጅራ ከትምህርት ስትመለስ በረንዳዬ ላይ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ማዳበሪያው ላይ ትቀመጣለች። ትንሹ ወንድሟ ሱሀይል እግሯ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ታሪክ ትነግረዋለች።

«ዛሬ የቱን ነው?» ይላል።

«የድመቷ ሱቅ የሚለውን።»

«ትናንት ለምን አላለቀም?»

«ድመቷ ሱቋን ዘግታ ሄዳ ነበራ። ዛሬ ትከፍታለች።»

እኔም ሳላስታውቅ እሰማለሁ። ከሁሉ የምወደው «ጃንጥላው የጠፋበት ንጉሥ» የሚለውን ነበር። ንጉሡ ጃንጥላውን ፍለጋ አገር ሲያዳርስ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ይደርሳል። ልብስ ሰፊው ክር በከንፈሩ ይዞ፣ መርገጫውን እየረገጠ እንቅልፍ ወስዶታል። ንጉሡ ቀስቅሶ ይጠይቀዋል፣ ክሩ እንዳይወድቅበት አፉን አይከፍትም። ሳቅሁ። ማታ ለባለቤቴ ለጦይባ፣ «ይህን የጻፈው ሰው አባቱ ልብስ ሰፊ መሆን አለበት» አልኳት። «ካልሆነ ከየት ያውቀዋል?»

ጦይባ ትክ ብላ አየችኝ። «መሆን አለበት» አለች።

ልጄ መጽሐፍ ወዳለች፤ ለዚህ ጌታዬን ቀን ከሌት አመሰግን ነበር። ሰውንም ማመስገን አለብኝ ብዬ ከተረፈ የዩኒፎርም ጨርቅ ለቁም ሳጥኑ መጋረጃ ሰፋሁ። ፀሐይ መጻሕፍቱን እንዳያደበዝዛቸው። አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ሙሉካ ነበሩ። «ባህሩ፣ ሜትርህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ መጣህ። እኔን ልትለካ ነው?»

«የርስዎ ሱሪ ገና አላለቀችም ጋሽ ሙሉካ።»

«እሷስ አላለቀችም። ያለቅሁት እኔ ነኝ» አሉና ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው አስገቡኝ።

እትዬ ድንቅነሽ መጋረጃውን ዘርግተው አዩት። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ደስ አላቸው።

«እንዴት ያምራል። ምን ሆነህ ነው ግን ባህሩ?»

«ለሀጅራ መጽሐፍ ስለሚያውሷት ነው እትዬ። እኛ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ጃንጥላው የጠፋበት ንጉሥ፣ የድመቷ ሱቅ፣ ሁሉንም ነው የነገረችን።»

መጋረጃውን ቀስ ብለው አጠፉት።

«እኔ ለማንም አውሼ አላውቅም» አሉ።

«እዚሁ አስነብበዋት ይሆናል።»

«ባህሩ፣ ይህ ቁም ሳጥን ከተቆለፈ ስንት ዓመቱ። ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።» ከቀሚሳቸው ሥር ክሩን ስበው አሳዩኝ።

ክው አልኩ። ሁለታችንም አንድ ነገር እንዳሰብን ገባኝ። ተነሥተው መስተዋቱ ፊት ቆሙና የመጻሕፍቱን ጀርባ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሙሉ ነበሩ። ደግመው ቆጠሩ። ሙሉ ናቸው።

«ጃንጥላው የጠፋበት ንጉሥ። ይኸው» አሉ። «ሌላ ቁልፍ የሠራ አለ ማለት ነው። አውጥቶ የሚመልስ። ልጅቷ ትጠራ።»

ጋሽ ሙሉካ ከበሩ ተጠርተው ሀጅራን ሊያመጡ ሄዱ። እትዬ ድንቅነሽ ቁልፉን ከተቱ፣ አልዞረም። እኔ ወደ በረንዳዬ ሮጬ የስፌት መኪና ዘይት አመጣሁ። ጠብ ጠብ አድርገን ትንሽ ጠበቅን። እየሮጥኩ ሳለሁ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ረቢ፣ ልጄን ሌባ አታድርግብኝ።

ሀጅራ ከጋሽ ሙሉካ ጋር በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፉ ጠቅ አለ።

በመጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የወረቀት ሽታ አይደለም፤ ዝናብ የመታው አፈር ነው የሚሸተው። እትዬ ድንቅነሽ የንጉሡን መጽሐፍ በጀርባው ያዙና ሳቡት። ክብደት ጠብቆ የተዘጋጀው እጃቸው መጽሐፉን ይዞ ወደ ኋላ ተወረወረና ደረታቸውን መታቸው። መጽሐፉ ባዶ ነበር። ጀርባው አለ፣ ርዕሱ በወርቅማ ቀለም ያበራል፣ ሁለቱ ልባዶች፣ የፊቱና የኋላው ሽፋን፣ አሉ፤ በመካከላቸው ቀይ አፈር። ከአፈሩ ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ከብርሃን ሸሽተው እጃቸው ላይ ተበተኑ።

ምስጥ ነው።

ሁለተኛውን ሳቡ። እሱ ደግሞ በአፈር ተሞልቶ እንደ ጡብ ከበደ። ሦስተኛው ገና ሲነካ ፈረሰ። በፈረሰበት በኩል ስናይ የቁም ሳጥኑ የኋላ ጣውላ የለም። ግድግዳው ራሱ ገብቶ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ሆኗል።

 

«ባለፈው ሰኔ ሙሉ ነበሩ» አሉ እትዬ ድንቅነሽ። ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «ተቆጥረዋል። ሙሉ ነበሩ።»

ጋሽ ሙሉካ አጎንብሰው አዩ። «ምስጥ ብርሃን ትፈራለች» አሉ በዝግታ። «በመስተዋት በኩል ያለውን ትታለች። በጓሮ ነው የገባችው።»

እትዬ ድንቅነሽ ወደ ሀጅራ ዞሩ። ቁጣ አልነበራቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን መቼ አነበብሽው?»

«አላነበብኩትም።»

«ለአባትሽ ነግረሽዋል እኮ።»

«ጀርባውን ነው ያነበብኩት። በመስተዋቱ።»

«ሌላውንስ?»

ሀጅራ አፈሩን እያየች፣ «ሌላው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። «አምስተኛ ክፍል ስገባ፣ ልክ መሆኔን አያለሁ ብዬ ነበር።»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በረንዳ ላይ ክር በከንፈሩ ይዞ፣ መርገጫውን እየረገጠ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጦይባ ገና ያን የነገርኳት ማታ ነው ያወቀችው። እኔ ግን ራሴን ሰምቼ ስቄ፣ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄጄ ነበር።

ማታ ጦይባ ጠየቀችኝ። «ልጅቷ ዋሽታለች ወይስ አልዋሸችም? አባት ነህ፣ አንድ ነገር በል።»

«አላውቅም» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ሶላቴን ጨርሼ መስገጃው ላይ ቆየሁ። ውሸት ሐራም ነው ብዬ ነው ያሳደግኋቸው፤ ይህን ግን የት እንደማኖረው አጣሁ። ሀጅራ ከውሸቱ ወገን አልነበረችም። መስተዋት ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ የማይከፈት በር ጀርባ ያለውን ስታስብ የኖረች ልጅ ነች። ቁጣዬን ብፈልገው አላገኘሁትም።

ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ሀጅራ ታሪክ አቆመች። ሱሀይል ማዳበሪያው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«የድመቷን ሱቅ።»

«የለም።»

«ሱቋን ዘጋች?»

«ሱሀይል፣ ውስጡ አፈር ነው።»

የክፍል መጽሐፏን ሳይቀር ከመግለጧ በፊት ጀርባውን ይዛ ወደ መሬት ታራግፋለች። ምንም አይወድቅም። ቢሆንም ታራግፋለች። ጋዜጣ አመጣሁላት፣ አየችውና ለእቃ መጠቅለያ አጥፋ አስቀመጠችው። ከገበያ የልጆች መጽሐፍ ፈለግሁ፤ የማገኘው የፈተና መልመጃ ነው። ፊደል ያለበት አንድ የተረት መጽሐፍ በእጇ ካልገባ ይህ ነገር እንደሚጠናባት ታየኝ። ሕፃን ልጅ በአንድ ነገር ላይ ልቧን ከዘጋች ቁልፉን ማን ያገኘዋል?

ምስጡ የላይኛውን መደርደሪያ አልደረሰበትም ተባለ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ይርጉ፣ ከእንግዲህ የተረፉት በብረት ሳጥን እንዲቀመጡ አዘዙ። ሳጥኑ ላይ አዲስ ቁልፍ ተደረገ። እትዬ ድንቅነሽ አጠገቡ ወንበር አስጠግተው ይቀመጣሉ።

ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አንድ መጽሐፍ እትዬ። ለአንድ ማታ።»

«ባህሩ፣ አንተ ጨርቅ ስትቆርጥ ብትስት ጨርቅ ትተካለህ። እኔ ምን እተካለሁ? ፈርሜያለሁ።»

«የፈረሙበት አፈር ሆነ እኮ።»

ክፉ ቃል ነበር፣ ወዲያው ጸጸተኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው፣ «ወድጃቸው ነበር» አሉ።

የጪጩው ሰው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሳምንቱ ደግሜ ሄድኩ። በሌላው ሳምንትም። ከጠየቅሁት ይልቅ የሰማሁት ይበዛል፤ ስለ ልጅነታቸው፣ መጻሕፍቱ በጭነት መኪና የመጡ ቀን ጎረቤት ሁሉ እንደ ሙሽራ እንደተቀበላቸው፣ የመጀመሪያው ልጅ በዘይት እጁ ሲነካ እንደደነገጡና ያን ዕለት እንደቆለፉ። «የአንድ ቀን ነገር ብዬ ነበር» አሉኝ። መጽሐፍ ግን አልሰጡኝም።

ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ አንድ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ። ጃንጥላ አልያዙም። ፌስታል በእጃቸው ነው። በረንዳዬ ላይ ዘለቅ ብለው ውኃውን ከነጠላቸው አራገፉ፤ ወንበር ሰጠኋቸው። ከፌስታሉ የሚታየው ልባድ ነው። የመጻሕፍቱ ልባዶች፣ አፈሩ ተጠርጎ።

«መጣል አቃተኝ» አሉ። «ኮሚቴው የጠፋው ምን እንደሆነ በዝርዝር ተናገሪ አለኝ። ርዕሱን ነገርኳቸው። ስለምን ነው የሚያወራው አሉኝ። ባህሩ፣ ዝም አልኩ። ስንት ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አንዱን አላውቅም። እንዳይቆሽሹ ብዬ እኔም ገልጬ አላየኋቸውም።»

መርገጫውን ማቆሜን አላስተዋልኩም።

ሀጅራ ማዳበሪያው ላይ ነበረች። እትዬ ድንቅነሽ የንጉሡን ልባድ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ይህን ንገሪኝ።»

«አላነበብኩትም እትዬ።»

«እኔም አላነበብኩትም። ንገሪኝ።»

ሀጅራ ወደኔ አየች። ሱሀይል እጇን ይዞ ጎተታት። «ንጉሡ ልብስ ሰፊው ጋ ደርሷል» አላት። «እዚያ ነው ያቆምሽው።»

ከዚያ እንደ አዲስ ክር፣ መጀመሪያ እየተቋጠረ፣ በኋላ እየቀናው፣ ድምፅዋ ወጣ። ንጉሡ ጃንጥላዬን አየህ ወይ ብሎ ልብስ ሰፊውን ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ክሩ እንዳይወድቅበት አልመለሰም። ዝናቡ ወረደ። ንጉሡ መሄጃ አጣ። በረንዳው ላይ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፣ አንዲት እንሰት የተሸከመች ሴት፣ አንድ ዘበኛ፣ ሁለት ልጆች። ንጉሡ ከዚያ በፊት ከሰው ጋር ተጠልሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጃንጥላ ነበረው። ጠጋ በል አሉት። ዘበኛው ንጉሡን በሱሪው ቀለደበት። ሴትየዋ ስለ ልጇ ነገረችው። ዝናቡ እስኪያባራ አገሩን አወቀው።

እትዬ ድንቅነሽ ስቀው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «ዘበኛው ሙሉካ ነው አይደል?»

«እንጃ» አለች ሀጅራ፣ ሳቋን ይዛ።

«ጃንጥላውስ?»

«አልተገኘም። ረሳው።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይደበድባል። እትዬ ድንቅነሽ ልባዱን ገለጥ ዘጋ አደረጉት፤ በመካከሉ ምንም የለም።

«እንዲህ ይል ነበር ትያለሽ?»

«አሁን ማወቅ አንችልም» አለች ልጄ። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያለችው።

«የተረፉትስ አሉ። የላይኛው መደርደሪያ።»

«እነሱም ውስጣቸው አፈር ቢሆንስ?»

«ከብደዋል እኮ፣ ወደ ሳጥኑ ሳስገባቸው።»

«አፈርም ይከብዳል፣ እትዬ።»

እትዬ ድንቅነሽ ፊታቸው ተለወጠ። አየኋቸው። መጠየቅ አልፈለግሁም፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ የነበረው ጥያቄ በራሱ ወጣ።

«እትዬ፣ ከፍተው አላዩዋቸውም?»

አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«ፈራሁ» አሉ። «ጀርባቸው ደህና ስለነበር ዝም ብዬ አስገብቼ ቆለፍኳቸው። እስካሁን ፈርቼ ተቀምጫለሁ።»

ደነገጥኩ፤ ቁም ሳጥኑ ከተከፈተበት ቀን ይልቅ። ለአንድ መጽሐፍ ስለምናቸው የከረምኩት፣ መኖሩን ለማያውቁት ነገር ነበር። ሀጅራ ግን አልደነገጠችም። ተነሥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አብረን እንክፈተው» አለች። «እኔ አራግፋለሁ። ማራገፍ ለምጃለሁ።»

እትዬ ድንቅነሽ የልጄን እጅ አዩ። ከዚያ ከአንገታቸው ክሩን ሳቡ፤ አሁን ሁለት ቁልፍ አለበት። ሥራ የሌለውን የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ፈትተው ፌስታሉ ውስጥ፣ ከልባዶቹ ጋር ጣሉት።

«ሰኞ» አሉ። «ከትምህርት በኋላ ሙሉካ ሳጥኑን ተሸክሞ እዚህ ያመጣዋል። ብርሃን ያለው እዚህ ነው። አንቺ ታራግፊያለሽ፣ እኔ እገልጣለሁ። ፊደል ያለበት ከተገኘ የመጀመሪያውን አንቺ ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

«ቤት?»

«ቤት።»

«አቶ ይርጉስ?» አልኩ እኔ።

«ለይርጉ እኔ እነግረዋለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ዝናቡ አላባራም፣ እሳቸውም አልተነሡም። «ልጆቹ ሁሉ ይውሰዱ። በዘይት እጃቸውም ቢሆን። አንተ ግን ባህሩ፣ ከዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅህ መጽሐፍ መያዣ ከረጢት ሰፍተህ ብታደርስልኝ።»

እሺ አልኳቸው፤ ክር በከንፈሬ እንደያዝኩ።